ውሃው ወርዷል፣ ልጅቷ ደህና ናት

ውድ አቡ ጃሲብ፣

ልጅቷ ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ልብህ ሳይሰቀል እንድታነበው ብዬ ነው። ስልክህን ጎሽ ረገጠው አሉ፤ ከዚያች ቀንደ ጎባጣ ሌላ ማን ይደፍርሃል! ደብዳቤውን መኖ የሚያመላልሰው ሾፌር ያደርስልሃል። የኔም ያንተም ትምህርት ያው የመሠረተ ትምህርት ነውና ቀስ ብለህ አንብበው።

ጎሾቹን ይዘህ ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ከወጣህ ጀምሮ፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አቡ ጃሲብ ‹ሰፈር ውሃው እንዴት ነው?› ብሏል» ይለኛል። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ እንዲህ ታታልለኛለህ? የምትጠይቀው ስለ ውሃ እንዳልሆነ አውቃለሁ እኮ።

ለልጅ ልጃችን ስም ያወጣንበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ልጃችን ጃሲብ የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ ከሚቆፍሩት ሰዎች ጋር ውሎ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ቡራኑና ትባላለች» አለ። «ከኛ በፊት እዚህ የኖሩት ሰዎች ኤፍራጥስን እንዲህ ነበር የሚሉት። ሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል።»

አንተም «ሸክላው ላይ ውሃ አለበት?» አልከው። «ወንዙ ዓይናችን እያየ እየሞተ ስሙን ለሕፃን ይሰጣሉ?»

ጎረቤታችን ሐጂያ ትስዋሂንማ ምን ታጣለች፣ ሻዩን ፉት እያለች «ታዲያ ከላይ ግድብ በሠሩ ቁጥር ልጅቷ ልትከሳ ነው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምራታችን ናዚማ ብቻ አልሳቀችም። ሁለት ልጅ የቀበረች እናት በምን አንጀቷ ትስቃለች።

አንተ የፈለግከው የአባቶቻችንን ነው፤ ሞት ከደጋገመበት ቤት የተወለደ ልጅ ሞት የሚጸየፈው ስም ይውጣለት ባይ ነህ። «ዝባላ በሏት፣ ቆሻሻ ማን ይወስዳል?» አልክ። ጃሲብ እምቢ ሲልህ፣ ግንባሯን እንኳ ሳትስም «ወንዙ ሲያልቅ እንዳታለቅሱብኝ!» ብለህ ወጣህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ በልቤ ካንተ ጋር ነበርኩ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ከልጅቷ በፊት የማየው ጀልባ የምናስርበትን ግንድ ነበር። ውሃው ከግንዱ ትንሽ ሸሽቶ ካየሁ ሮጬ ልጅቷን እዳብሳለሁ። ናዚማ ዞር ስትል ደግሞ በጆሮዋ «ዝባላዬ፣ የኔ ቆሻሻ» እላታለሁ። አንተን ደስ እንዲልህ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ከዚያ ያ ሸምበቆውን ሁሉ ያነደደው ሙቀት መጣ፤ ውሃው እንደዚያ ሸሽቶ አያውቅም። ልጅቷ የዚያኑ ሰሞን አተኮሳት። ጡት አልይዝ አለች፣ ለቅሶዋም ጠፋ። በቃ፣ ያልነው ደረሰ አልኩ። ጤና ጣቢያ ለመድረስ ጀልባው አልንሳፈፍ ብሎ ጃሲብ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎተተን። ናዚማ ልጇን እንደታቀፈች ነበር።

ነርሷ «አክስቴ፣ የሕፃኗ ስም ማን ነው?» ስትለኝ «ዝባላ» አልኳት። እንዲያ ያለ ቦታ ሞት ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጥ መሰለኝ።

ያኔ ናዚማ ተናገረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የመጀመሪያውን ቡችላ አላችሁት። ሁለተኛዋን አመድ አላችኋት። ሞት ተጸየፋቸው ወይ? ይህችን በስሟ ይጥሩልኝ፣ አክስቴ። ከሄደችም በስሟ ትሂድ።»

አቡ ጃሲብ፣ «ቡራኑና ብለሽ ጻፊ» አልኳት ነርሷን።

መርፌ ወጓት፣ በጠብታ ውሃ ሰጧት። በማግስቱ ለቀትር ጸሎት ሲጣራ ላብ በላብ ሆነች። ትንሽ ቆይታ እየተነጫነጨች ጡት ፈለገች። የናዚማን ፊት ብታይ! የያዝኩትን እንባ ሁሉ እዚያው ለቀቅኩት።

ስንመለስ ደግሞ ውሃው ይባስ ብሎ ሸሽቶ ጠበቀን። ጃሲብ ጀልባውን እየጎተተ «እማ፣ አንቺ ትንሽ ብትከሺ ኖሮ ይንሳፈፍልኝ ነበር» ይለኛል፣ ባለጌ። ደጃችን ስንደርስ ግንዱ እስከ ሥሩ ተራቁቶ ቆሟል። ግንዱን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ። ግንባሯ ቀዝቅዟል፣ ሰፈሩን በጩኸት ታውከዋለች። ውሃው ወርዷል፣ እሷ ድናለች! ስንቱን ጠዋት ያንን እንጨት ሳይ በከንቱ ነው የተሳቀቅኩት። ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅኩ። ናዚማ ያበድኩ መስሏት ውሃ ረጨችኝ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሰው ስትልክ ውሃውን አትጠይቅ፤ ልጅቷን ጠይቅ፣ በስሟ። ወንዙ ዘንድሮ ላይመለስ ይችላል፣ እሱን አላህ ያውቃል። አንተ ግን ጎሾቹን ለወንድምህ ትተህ ለአንድ አርብ እንኳ ብቅ በል። ያልሳምከው ግንባር አለ።

አሁን ጭኔ ላይ አስተኝቻት ነው የምጽፈው፤ ይኸው አጥለቀለቀችኝ፣ ወረቀቱም ጥግ ላይ ረጥቧል። በል እንግዲህ፣ ዘንድሮ ደጃችን የደረሰው ጎርፍ ይኸው ነው።

የምትናፍቅህ፣ የምትቆጣህም፣
ኡም ጃሲብ፣ የቡራኑና አያት