ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ

ልጄ ናዝራዊት፣ ቅዱስ ሚካኤል በገባሽበት በወጣሽበት ይከተልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ። ባቄላውን ውርጭ መታው፤ ገብሱ ግን ተርፏል። አንኮበር ከሰዓት በኋላ ጉም እየወረደባት ደጅ ሰው አይታይም።

በስልክ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ስታበቂ እንደገና አራት ዓመት? የተናደድኩት በትምህርቱ አይደለም፤ መምጫሽ ስለራቀብኝ ነው። ብቻ ላብራቶሪ ይሻለኛል ወይስ ነርሲንግ ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ነርሲንጉን ያዢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ። ሐሙስ ሐሙስ ግፊት ልለካ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ግፊቴ ምንም የለበትም፤ ነርሷ ሥርጉትም ይህን ታውቃለች። ግን አንድም ቀን ለምን መጡ ብላኝ አታውቅም። እጄን ይዛ፣ «እንዴት ሰነበቱ እማማ?» ትለኛለች። አባትሽ ካረፈ ወዲህ እጄን የሚይዝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

እመቤቴ ትምህርቱን ትግለጥልሽ፤ በሰላም ታስጨርስሽ። አንድ አደራ አለኝ። እዚያም ምንም ሳያማቸው የሚመጡ አሮጊቶች አይጠፉምና፣ ለክተሽ ስትጨርሺ እጃቸውን ቶሎ አትልቀቂ።

እናትሽ አስካለማርያም