ሰላዩ ለምን ያነክሳል?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ደከመኝ። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ካሜራው ላይ ግን አይደለም፣ ውድ ዕቃ ነው።

ፕሮዲዩሰሩ የሰላይ ታሪክህን ወስዶ ያለ ስምህ ፊልም ሲሠራው ከሰስከው። ፍርድ ቤቱ "ታሪኩ ያንተ ነው፣ ፊልሙን በስምህ እንደገና መሥራት ትችላለህ" ሲልህ አቅፈኸኝ አለቀስክ። "ፌንጣዬ፣ ደብተሬን ጠብቀህ አተረፍከኝ" አልከኝ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ አቀረቀርኩ።

ወንድምዬ፣ ያንን ደብተር ገና ድሮ የወረቀት ጢያራ እየሠራሁ ከሰገነት ለቅቄዋለሁ። ገጽ በገጽ። ጠበቃህ "ደብተሩ ከሌለ ነገሩን ውሃ በላው" ሲል ግን አንጀቴን በላኸው። አሮጌ ደብተር ፈለግሁ፤ ፊልሙን እያቆምኩ አሥራ አንድ ጊዜ አይቼ በአንተ እጅ ጽሕፈት ገለበጥኩት፤ የድሮ ቀንም ጻፍኩበት። የአባባን ፊርማ አስመስሎ ከስምንተኛ ክፍል የተባረረ እጅ ያንተ ያቅተዋል? አንተ ሳትገልጠው ሽፋኑን ብቻ ስመህ ለጠበቃው ሰጠኸው።

ትናንት የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ ቤታችን መጣ። ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱን አሳየኝ።

"አንተ ፌንጣ፣ ይህ እግር የት ተሰበረ?"

"ኳስ ሜዳ?"

"ቀልደኛ! ቀረጻ በጀመርን በሦስተኛው ቀን ከደረጃ ወድቄ ነው። ሰላዩ የሚያነክሰው እኔ ስላነከስኩ ነው። ወንድምህ ከቀረጻው አንድ ዓመት ቀድሞ በደብተሩ 'በግራ እግሩ ያነክሳል' ብሎ የጻፈው ጠንቋይ ነው እንዴ?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"ለፕሮዲዩሰሩ ነግሬዋለሁ። ሰኞ ወንድምህ በሐሰተኛ ማስረጃ ይከሰሳል" አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ግራጫ መኪና በራችን ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ጋዜጣ ይዟል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። ያንተ ሰላይ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ታሪኩ እውነትም ያንተ ነው፤ ሐሰቱ የኔ ነው። አሁን የምትቀርጸውን፣ ስድስት ዓመት የለፋህበትን ፊልም ያስቆሙብሃል፤ አንተ ግን አትታሰርም። ሲጠይቁህ "አላውቅም ነበር" በል። ታናሼን ልሸፍን ብለህ ደግሞ እንዳትጀምር! መስኮት በሰበርኩ ቁጥር ዱላዬን የቀመስክልኝ ይበቃል።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ መጀመሪያ በደንብ ተናደድ። ይህን ደብዳቤ ግን በንዴት እንዳትቀደው፤ ለዳኛው ስጠው። በራሴ እጅ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። እንዲህ የሚያስጠላ ጽሕፈት ማንም አስመስሎ አይጽፈውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ስሙ የፈረመው ታናሽህ፣
ፌንጣ