ሳይጨስ የዋለው ምድጃ

ውድ ኔቪል፣

መጥፎውን ዜና ላስቀድምና ልገላገል፤ ጓንትህን ኬያ በላው። ሁለቱንም። ያ የዕድሜ ልክ ሌባችን፣ አረንጓዴው የተራራ በቀቀን፣ በረንዳው አጥር ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ቆዳውን ክር በክር አድርጎ ዘነጠለው። ጥፋቱ የብሮንዊን ባል የዴዝ ነው። እርጥብ ነው ብሎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። የእኛ አገር ሰው ጓንት ውጭ እንደማያሳድር፣ እንደማያውልም ሜልቦርን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ለኖረ ሰው ማን ይንገረው? በመጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ጮህኩበት፣ ከዚያ ደግሞ ወፉን በመጥረጊያ አባረርኩት። እሱ እቴ! ጣሪያው ላይ ወጥቶ አውራ ጣቱን በአፉ እንዳንጠለጠለ ቁልቁል ያየኝ ጀመር። የጓንቱን አውራ ጣት ማለቴ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ እንጂ እንዲህ ከመሀል አይገባህም።

መጋቢት ላይ ከቀበርንህ በኋላ ዘንድሮ ተራራው ላይ አልወጣም ብዬ ምዬ ነበር። ቤቴ ቁጭ ብዬ ክረምቱን በመስኮት ላሳልፈው አስቤ ነበር። ወዳጃችን ብሮንዊን ከሜልቦርን ደወለች።

«ሐምሌ ላይ እንመጣለን» አለችኝ። «እንደ በፊቱ ለሁለት ሳምንት እንዳይመስልሽ፤ በረዶው እስኪያልቅ ነው።»

«ብሮን፣ እኔ እኮ አልወጣም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? የምንመጣው ለተራራው ነው። የጎጆው ቁልፍ አንቺ ጋ ስለሆነ ነው የደወልኩት።»

ታውቃታለህ። ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ሆና ሰው እያገላበጠች መርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት አይሆንም ሲሏት አትሰማም። ሐምሌ መባቻ ላይ ሦስታችንም ሻንጣችንን ተሸክመን በዚያች ጠባብ የእግር መንገድ ወደ በረዶ ሸርተቴ ማኅበራችን ጎጆ እየወጣን ነበር። ዴዝ እያለከለከ፣ በየመታጠፊያው «አገራችሁ መኪና የሚያስገባ መንገድ መሥራት ነውር ነው እንዴ?» ይለኛል። «አገራችሁ ተራራ አለ እንዴ?» እለዋለሁ። እንዲህ እየተጎነታተልን ገባን።

በማግስቱ ጠዋት ነው ነገሩ የተጀመረው። ያው በእኛ ጎጆ አባልም እንግዳም እኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ከዚያ ከአሮጌው የሱፍ ካልሲ የሥራ ዕጣውን ያወጣል። እንጨት የደረሰው ይፈልጣል፣ ሰሃን የደረሰው ያጥባል። የእኔ እጅ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ካልሲው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። «ኩሽናው የግሌኒስ ነው» ትሉ ነበር ሁላችሁም፣ አንተ ከሁሉ ቀድመህ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያን ዕለት ገና ሽርጤን ሳላስር ብሮንዊን ካልሲውን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«አውጪ።»

«ምን አውጪ ትይኛለሽ፣ ምሳ ልጥድ ነው።»

«ምሳ ዕጣው የደረሰው ይጥዳል። አንቺ እንደ ሰው አውጪ!»

አወጣሁ። ሽንት ቤት ማጠብ ደረሰኝ። ዴዝ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ሽንት ቤቱን አጥቤ ስጨርስ ገና ረፋድ ነበር፤ የሚጠብቀኝም ድስት አልነበረም። ተራራው ላይ በረፋድ እጄ ባዶ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው። በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩና ሽቅብ አየሁ። ሸርታቾቹን ወደ ጫፍ የሚስበው የሞተር ገመድ ይሮጣል። ሰዎች እየያዙት ይወጣሉ፣ ከጫፉ ላይ ይጠፋሉ። አንተ በየቀኑ የምትጠፋበት ጫፍ።

«ከላይ ምን ይታያል?» ስልህ «ባሕሩ» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ የመጨረሻው ወራጅ አንተ ነበርክ። ሌሎቹ ካልሲያቸውን አውልቀው ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው አንተ ገና ላይ ነህ። «ምን ስታደርግ ቆየህ?» ስልህ «ባሕሩን እያየሁ» ትላለህ። እኔ እዚያ ወጥቼ አላውቅም። በተጋባን ዓመት አንዴ ገመዱን ልይዝ ሞክሬ በአፍጢሜ ደፋኝ። አነሳኸኝ፣ ከቅንድቤ ላይ በረዶውን ጠረግክልኝ፣ ሳምከኝና «ግሌን፣ አንቺ ለገመድ አልተፈጠርሽም፤ ሾርባሽ ግን ነፍስ ይዘራል» አልከኝ። ቀልድ ነበር። ቀልዱን እንደ ሕግ ይዘነው ኖርን። እኔ ከጎጆው በታች ባለችው ለስላሳ ቁልቁለት ከሕፃናቱ ጋር መንሸራተት ለምጄ፣ እዚያው ቀረሁ።

በረንዳው ላይ ቆሜ የወሰንኩት ይሄን ነው፦ በረዶው ሳይቀልጥ ገመዱን ይዤ እወጣለሁ፣ ያንን ባሕር በዓይኔ አያለሁ።

ምሳ ላይ ስነግራቸው ዴዝ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ግሌን፣ ገመዱ እኮ ወጣቱንም ይጥላል። ኔቪል ቢኖር አይፈቅድልሽም ነበር።»

«ኔቪል ቢኖር ሾርባውን ይጠጣ ነበር። ጠጣ አንተም።»

ብሮንዊን ሌላ መላ አመጣች። «ባሕሩን ለማየት ከሆነ በእግር በጠርዙ በኩል እንውጣ፤ ቀስ እያልን፣ እያረፍን።»

«አይሆንም» አልኳት። «እሱ በወጣበት ነው የምወጣው።» ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ያን ጊዜ አላወቅኩም፣ እልህ ይሁን ናፍቆት። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

መሣሪያህን ከሣጥን አወጣሁ። ያን ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ ገመዱን ነክሶ የሚይዘውን «ለውዝ መስበሪያ» የምትሉትን ብረት፣ ጓንትህንም። ቀበቶውን ቀዳዳ ጨምሬ አጠበብኩት። ጓንቱን ግን ምንም አላደረግኩት። እጄን ስከተው ውስጡ ገና አንተን አንተን ይሸት ነበር፤ ያንን ሽታ ስምገው ነው የከረምኩት።

የገመዱ ሞተር ላይ ዘንድሮም ናይሪ ናት። ያ የትራክተር ሞተር ካልጮኸችበት አይነሳላትም፣ ካልጮኸችባቸውም ሰዎቹ አይሰለፉላትም። ስታየኝ ከጎጆዋ ብቅ አለች።

«ግሌኒስ! ዳቦ አመጣሽልኝ?»

«ልወጣ ነው የመጣሁት።»

ሳትስቅ ወረደችና አጠገቤ ቆመች። «እሺ ስሚኝ። ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ሲመጣ ደንግጦ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ገመዱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፣ ክንድሽን ነቅሎ ነው የሚሄደው። አንቀሽ አትያዢው። መጀመሪያ በጓንትሽ ውስጥ ይሩጥ፣ ዝም ብለሽ አስሩጪው። ከዚያ ቀስ በቀስ ጨበጥ፣ ጨበጥ፤ እኩል ስትሄዱ በሌላው እጅሽ ብረቱን ጣል አድርጊበትና በወገብሽ ተሳቢ። ገመዱን የተሸከሙት መዘውሮች ጋ ስትደርሺ ጣትሽን ዘወር። ገባሽ?»

ገብቶኝ ነበር። ለጆሮዬ ማለቴ ነው። እጄ ግን አልሰማም። ገመዱ ሲመጣ ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩት፣ ትከሻዬን መንጭቆ ፊት ለፊት ደፋኝ። ተነሣሁ። ደግሞ ደፋኝ። ሰልፉ ላይ ያሉት ወጣቶች በመጀመሪያ አዘኑልኝ፣ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ኋላማ ለመዱኝና ዞር ብለው ያልፉኝ ጀመር። ናይሪ ከሞተሯ ጎጆ ሆና ትጮኻለች፦ «አነቅሽው! ልቀቂው! ምን አድርጎሽ ነው?»

ምን እንዳደረገኝማ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐምሌ እንዲሁ አለቀ። ጭኔ ተዥጎረጎረ፤ ብሮንዊን ማታ ማታ ቅባት እየቀባችኝ «ቆዳሽ ላይ ካርታ ተሥሏል፣ ይቺ ታዝማኒያ ናት» ትለኛለች። ነሐሴም ተጋመሰ። ዕጣዬን አወጣለሁ፣ የደረሰኝን እሠራለሁ፣ ወደ ገመዱ እሄዳለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እመለሳለሁ። ዴዝ መቃወሙን ትቶ መንሸራተቻ ስኪዬን ይሸከምልኝ ጀመር። አንድ ቀን ሾርባ ሠራ፤ ጨው ረስቶ። አንተ ብትሆን ፊትህን ሳታኮማትር ትጠጣው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ይሉኝታህን አውቃለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ኬያው የመጣው። በማግስቱ ዴዝ ቁርስ ላይ ቀና ብሎ አያየኝም። ብሮንዊን «ዛሬ እረፊ» አለችኝ። እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ ልቤ ዝሎ ነበር። ያለ ጓንትህ ምን ላደርግ ነው የምወጣው እያልኩ ነበር። ግን ካልሲው ሲዞር ኩሽናው ለዴዝ ደረሰና እኔ የደረሰኝን ሥራ ጨርሼ ባዶ እጄን ቀረሁ። ያቺ ለስላሳ ቁልቁለት ታች ሆና ታየችኝ። «እዚያማ አልመለስም» ብዬ ተነሣሁ።

ናይሪ ባዶ እጄን አይታ የተረሱ ዕቃዎች የምታስቀምጥበትን ሣጥን አገላበጠችና አንድ ጥንድ ጓንት ወረወረችልኝ። የሆነች ወጣት ረስታው የሄደችው፣ ሐምራዊ። አጠለቅኩት። ልክክ አለ። ጣቶቼ እስከ ጫፉ ደረሱ።

ናይሪ የጓንቱን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጋ ሞከረችና ቀና አለች። «ቆይ፣ እስከዛሬ የኔቪልን ጓንት ነበር እንዴ ያጠለቅሽው? እሱ እኮ እጁ አካፋ ነው! ውስጡ ባዶ ሲሆንብሽ ነዋ ጨምቀሽ የያዝሽው። ሴትዮ፣ ክረምቱን ሙሉ በሰው እጅ ነው የያዝሽው!»

ገመዱ ሥር ገብቼ ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁ። ሮጠ። ሙቀቱ መዳፌ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማኝ፤ በአንተ ጓንት አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ይሩጥ አልኩ። ጨበጥ። ስኪዬ መንሸራተት ጀመረ። ጨበጥ። እኩል ሄድን። ብረቱን ጣል ሳደርግበት ቀጭ አለና ወገቤን ወደ ላይ ሳበው። ከኋላዬ የናይሪ ጩኸት ተሰማኝ፤ ዘንድሮ የስድብ ያልሆነ ነገር ስትጮህ ያን ዕለት ብቻ ነው። መጀመሪያው መዘውር ሲመጣ ጣቴን ዘወር አደረግኩ፣ ቀጭ ቀጭ ብሎ አለፈ። ጎጆው አነሰ። ኔቪል፣ አልወደቅኩም። አልወደቅኩም እልሃለሁ!

ላይ ስደርስ ብሮንዊንና ዴዝ ቀድመውኝ ወጥተው ነበር። ብሮንዊን እንባዋን በክንዷ እየጠረገች «ነፋሱ ነው» ትላለች። ነፋስ አልነበረም። እኔ ትንፋሼን ስሰበስብ ወዲያ ወዲህ አየሁ። ተራራ፣ ከተራራው ጀርባ ተራራ።

«ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አልኩ።

ዴዝ ግራ ገባው። «ምን ባሕር?»

«ኔቪል የሚያየው።»

«ግሌን፣ ከዚህ ባሕር አይታይም። ባሕሩ ከዚያ ሰንሰለት ወዲያ ነው።» ስኪውን አፈር የነካው ይመስል መጥረግ ጀመረ። «እዚህ ነበር የሚቆመው፣ አሁን አንቺ ያለሽበት። እንውረድ ስለው ‹ቆይ ጭሱ ይወፍር› ይለኛል። ለሾርባው እንጨት ስትጨምሪ የጎጆው ጭስ ይወፍር የለ? ‹አየህ፣ ጠራችኝ› ይልና ከዚያ ነው የሚወርደው። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገርከኝም። ሠላሳ ዓመት ባሕር ባሕር እያልክ አልነገርከኝም። እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩብህ። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እንጨት እጨምርልህ ነበር እኮ! ወይ ደግሞ አንድ ቀን እጄን ይዘህ «ነይ፣ ከላይ ምን እንደሚታይ ላሳይሽ» ብትለኝስ? ከላይ ሆነህ ታየኝ ነበር፣ ደግሞም አታየኝም ነበር። ይሄን ሁለቱን እስካሁን አስታርቄ አልጨረስኩም፤ ለመጨረስም አልቸኩልም። እወድህ ነበር፣ አሁንም እወድሃለሁ፣ ተቀይሜሃለሁም።

ቁልቁል አየሁ። ጎጆው የክብሪት ቀፎ አክሏል። ጭስ የለውም።

«ምድጃው ጠፍቷል» አልኩ።

ብሮንዊን ወደ ባሏ ዞረች። «ዛሬ ኩሽናው የማን ነው?»

«ይቺ ሴትዮ ልትወጣ ነው ሲባል ድንች እየላጥኩ ልቀመጥ?» አለ ዴዝ፣ ግን ስኪውን ማሰር ጀምሮ ነበር። ተከታትለው ወረዱ። ነይ አላሉኝም፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ብቻዬን ቀረሁ። አንተ በቆምክበት ቆምኩ፣ ጎጆውን አየሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፣ አልተነቃነቅኩም። ሁለቱ ነጥቦች ጎጆው በር ላይ ደረሱ፣ ገቡ። ቆይቶ ቀጭን ክር ወጣ። ዴዝ እሳት አያውቅበትም፣ ጠፋበት፤ ደግሞ ወጣ። ከዚያ ወፈረ።

ጠሩኝ፣ ኔቪል። እኔን ጠሩኝ። ወረድኩ።

አሁን መስከረም ነው፤ በረዶው ከሥር ከሥሩ እየለቀቀ ነው። እነ ብሮንዊን ነገ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፣ ለከርሞ እንደሚመለሱ ምለው ነው የሚሄዱት። ከጓንትህ የተረፈውን ቁራጭ ምድጃው በላይ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ኬያው በመስኮት እያየው ይጎምጅ። ለራሴ በልኬ ጓንት አዝዣለሁ። ከርሞም እጄን ካልሲው ውስጥ እከታለሁ፤ ኩሽና ቢደርሰኝ አበስላለሁ፣ ላይ ያለው ሰው እንዲያየውም እርጥብ እንጨት እጨምርበታለሁ። ባይደርሰኝ ግን እዚያ ላይ ነኝ፣ መጨረሻ የምወርደው እኔ ነኝ። «ምን ስታደርጊ ቆየሽ?» ሲሉኝ የምመልስላቸውን አውቀዋለሁ።

ባሕሩን እያየሁ።

በገዛ እጇ የያዘችው፣
ግሌኒስ