ያልተቆጠረ ትንፋሽ

ለተከበሩ ኡስታዝ አብዱልወሃብ
የቤት ለቤት ነርሶች ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሰላም፣ ትንፋሽዎም ቆጣሪ የማያስፈልገው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በቢሮዎ በር ላይ «ቅሬታዎን በሚመችዎ ቋንቋ ያቅርቡ» የሚል ማስታወቂያ ስላነበብኩ በሚመቸኝ በአማርኛ ጽፌ፣ የአገሬ ሰዎችም እንዲያነቡት በማኅበራችን ገጽ ላይ አውጥቼዋለሁ።

ዘነበወርቅ እባላለሁ። ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። እዚህ ዓረብ አገር፣ በደስማ ሰፈር፣ ሁላችንም ማማ ከቢራ (ትልቋ እናት) የምንላቸውን የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት ሳስታምም አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ አሠሪዬ ማዳም ልጃቸው ናት። ከዚያ በፊት በአገሬ በአንድ የአውራጃ ሆስፒታል ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ነበርኩ። የገባሁት በጽዳት ሠራተኝነት ሲሆን፣ ፊደል የለየሁት በየአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን የሕመምተኛ ካርድ እያየሁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ኋላ መጣ። ይህን የምነግርዎ ሥራ እንዲቀጥሩኝ አይደለም።

አንደኛ፣ ነርሶችዎ ይዘውት ስለሚዞሩት ታብሌት ላመሰግንዎ ይገባል። ትንፋሽ በሚሞላበት ቦታ ላይ 18 የሚል ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃል፤ ለነርሷ የሚቀራት በጣቷ መንካት ብቻ ነው። በእኛ ዘመን ውሸት በእጅ ይጻፍ ስለነበር ለእያንዳንዱ ብዕር ማንሳት ግድ ነበር። እርስዎ ከዚህ ድካም ገላገሉን።

ሁለተኛ፣ ነርሷን በቀን አሥራ አራት ቤት ማዞርዎን አደንቃለሁ። እሷን አልከስም፤ ጠዋት ሐዋሊ ጀምራ ከሰዓት ሙባረክ አል-ከቢር የምትደርስ ልጅ ናት፣ ውሃ እንኳ የምትጠጣው ቆማ ነው። እኛም ለሠላሳ አልጋ አንድ ነርስ ነበርን፤ ሆኖም ሠላሳው አልጋ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበር፣ ክፉኛ የሚተነፍስ ሰው ሳይቆጠርም ይሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የማማ ከቢራን ትንፋሽ ሰዓቴን ይዤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት ነበር፤ የጤነኛ ሰው እጥፍ። ደግሜ ብቆጥርም ያው ነው። ነርሷ እንደመጣች ነገርኳት፤ ደነገጠችና ቢሮዎ ደውላ ቁጥሩን እንድናገር ስልኩን ሰጠችኝ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛዎ ሐሰን «አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ? ድስትሽን ጠብቂ!» የሚል ጥልቅ የሕክምና ምክር ለገሰኝ፤ ነርሷንም ቀጣዩ ቤት እየጠበቃት መሆኑን አስታወሳት። ልጅቷ ዓይኔን ሳታይ 18ን ነካች። ማዳምም ታብሌቱ በስልኳ ላይ የላከላትን አረንጓዴ ምልክት አይታ ደስ ብሏት ሥራዋ ሄደች። ቀትር ላይ የማማ ከቢራ ከንፈር ጠቆረ። ይኸው እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናቸው፤ ሳንባቸው ታሟል፣ በመሣሪያ ነው የሚተነፍሱት። ሐኪሞቹ መቼ ጀመራቸው ብለው መዝገብዎን ሲከፍቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ፍጹም ጤነኛ ነበሩ ይላቸዋል።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ሐሙስ ዕለት ስለላኩልኝ ወረቀት ነው። ያመጣው ራሱ ሐሰን ሲሆን፣ በስልክ «ድስትሽን» ያለኝ ሰው በር ላይ «እናቴ» ብሎኛል፤ ለዚህም አስተዳደግ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ነርሷ ስትመጣ የማማ ከቢራ ትንፋሽ ደህና እንደነበረ፣ እኔም ለማንም አንዳች እንዳልተናገርኩ ይመሰክራል። ብፈርም ከቤቱ እንደማልነሳ፣ ባልፈርም ግን ተኝቼ እንደነበር ለማዳም እንደሚነገራትና ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም እንደማይታደስ «እናቴ» እያለ አስረዳኝ።

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን 18 ከእርስዎ በፊት አውቀዋለሁ። የእኛ 20 ነበር። በነርስነቴ ሁለተኛ ዓመት፣ የሐኪሞች ጉብኝት ሳይደርስብኝ ብዬ፣ በወላዶች ክፍል በአሥራ አንድ ካርድ ላይ አንድም ትንፋሽ ሳልቆጥር 20 እያልኩ ጻፍኩ። ሰባተኛው አልጋ ላይ ሻሼ የምትባል የሁለት ቀን አራስ ነበረች። ሐኪሙ ካርዷን አየና አለፋት። ከቀትር በፊት ሞተች። ማንም አልጠየቀኝም፤ ካርዱ ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም አለቃዬ የእጅ ጽሑፌን አመሰገነችልኝ። ያን ምስጋና እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። የነገርኩት ለባሌ ለጣሰው ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ገዝቶ እጄ ላይ አሰረልኝና «በይ እንግዲህ ቁጠሪ» አለኝ። ማክሰኞ የቆጠርኩበት ያው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ወረቀትዎን ፈርሜ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። «ደህና ነበር» የሚለውን ሰርዤ «ሠላሳ ስድስት» ብያለሁ፤ «ለማንም አልተናገረችም» በሚለው ቦታ ደግሞ ለነርሷና ለሐሰን መናገሬን አስፍሬያለሁ። አንዱን ግልባጭ ለሐኪሞቹ፣ አንዱን ለማዳም በእጄ ሰጥቻለሁ። ማዳም አንብባ ምን እንደምትወስን ገና አላወቅሁም። ብታባርረኝም፣ ሁለተኛ ንጹሕ ካርድ አልጽፍም።

ድስቷን ጥዳ፣ ሰዓቷን አስራ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር መልስዎን የምትጠባበቀው፣

ዘነበወርቅ፣ ከደስማ

ማስታወሻ፦ ይህን አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ የራስዎን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በቀን አሥራ አራት ቤት ለምትዞር ነርስ ያቺ ደቂቃ ምን ያህል እንደምትረዝም ያዩታል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢያስደነግጥዎ ግን አይጨነቁ፤ ታብሌትዎ 18 ይልልዎታል።