እንትፍ አልልም

አምበር፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእስከዳር አወቀ
ሐዋሳ

እንደምን ሰነበትሽ ዓለሜ? ከሄድሽ ወዲህ ስለ ደኅንነትሽ ካንቺ ከራስሽ ሳልሰማ አራት ዓመት ሆነኝ። እኔ ለእመቤቴ ምስጋና ይግባትና ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ላይ ይሰንፋል። በቀድሞው ስልክሽ ስደውል ሌላ ሰው ያነሳል። አንድ ቀን አንዲት ሴት "ተሳስተዋል እናቴ" አለችኝ፤ እናቴ ማለቷን ወድጄላት ዘጋሁት። ይህን ደብዳቤ የምትቀበዪው ከመምህር ደመላሽ እጅ ነው፤ ለሥልጠና ወደ እናንተ አገር ይመጣል። ጽሕፈቴ የአራተኛ ክፍል ነውና ታግሠሽ አንብቢው። የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚ ከኔ ብትሰሚው ብዬ ነው።

አባትሽ ካረፈ በኋላ ከንስሐ አባቴ ከቄስ ኃይለ ሚካኤል ጋር ተመካክሬ መቁረብ ጀመርሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሌላው ሰው ወደ ሰንበቴው ቤት ይገባል፣ እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሂጂ ያለኝ ሰው የለም፤ ነይ ያለኝም የለም። ነገሩን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ብለው የሠራነውን ይገዙናል እንጂ አብረውን አይበሉም። ለአባትሽ ተዝካር የሠራሁትን ወጥ ማን እንደበላው አልረሳሽውም። ውሻ ነው የበላው።

በኅዳር ወር የአንሙት ሚስት ወንጌላዊት ወለደች። አንሙት ያ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ካንቺ ጋር ስምንተኛ ክፍል የተማረው ነው። በወለደች በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛትና መቃዠት ጀመረች። ከመውለዷ በፊት ገበያ ላይ ከኔ ድስት ገዝታ ነበር። ዘመዶቿ ከበው "ማን ነው የያዘሽ? የብርጓል ናት?" እያሉ ስሜን ጠርተው ሲወተውቷት "አዎ" አለች። በዚያ ትኩሳት የሞተች አያቷን ቢጠሩላትም አዎ ትል ነበር።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሸክላ ልተኩስ ኩበት ስደረድር ሰባት ወንዶች ግቢዬ ገቡ። ከፊት አንሙት ነበር፣ ዱላ ይዟል። እንደምን ዋልሽ አላለኝም።

"ተነሺ" አለኝ። "ቤቴ ሄደሽ እንትፍ ብለሽባት ትለቂያታለሽ።"

በላ የተባለው ሰው ምራቁን ከተፋ በሽተኛው ይድናል እንደሚሉ ታውቂያለሽ። እንትፍ ብል ቡዳ ነኝ ብዬ በገዛ አፌ መመስከሬ ነው፤ ነገሩ ካንቺ አልፎ ለልጆችሽ ይተርፋል። እንቢ ብል ደግሞ ወንጌላዊት ከሞተች ያ ዱላ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። አያትሽ በሕይወቷ ሦስት ጊዜ እንትፍ ብላለች። በተመለሰች ቁጥር አፏን በአመድና በውኃ ትጉመጠመጥ ነበር። እኔም አጠገቧ ቆሜ ውኃውን አፈስላት ነበር።

"እሄዳለሁ" አልሁት። "እንትፍ ግን አልልም።"

"ለምን አትይም?"

"ባለፈው እሑድ ሥጋ ወደሙ የተቀበልሁበት አፍ ነው። በዚህ አፍ ሰው በላሁ ብዬ አልመሰክርም።"

ከኋላ አንዱ "ምን ታነጋግራታለህ፣ ጎትታት" አለ። አንሙት ዱላውን ከፍ አደረገ። አልዋሽሽም፣ ፈርቼ ነበር። አባታችን ሆይ ልል ብዬ መጀመሪያው ጠፋኝ። ነጠላዬን አጣፋሁና ፊት ፊታቸው መሄድ ጀመርሁ። እጃቸው ሳይነካኝ ወንዙን ተሻገርሁ።

ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ወንጌላዊት መደብ ላይ ተኝታለች፤ ሕፃኑ በሌላ ሴት እጅ ያለቅሳል። ግንባሯን ስነካ እጄን አቃጠለኝ። ሽታም ነበር። ነርስነት ስትማሪ በክረምት መጥተሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ታጠኚ የነበረው ያን ጊዜ መጣልኝ፤ አራስ ትኩሳት ከያዛትና ፈሳሿ ከሸተተ ቀን አይሰጥም ትይ ነበር። ያን ያጠናሽው ለፈተና ነበር፤ እኔ ግን ጭቃ እያቦካሁ ስሰማሽ ነበር።

የአንሙት እናት "እጅሽን አንሺ ከሷ ላይ" አለችኝ።

"አንሙት" አልሁት፣ "ልጅህን ያለ እናት አታስቀር። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ትድረስ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ከሞተች እዚያው ከእጅህ ነኝ።"

ማን እንደጠራቸው አላውቅም፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጠበል ይዘው ገቡ። ጸሎት አድርሰው ረጯት። ከዚያ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና "ጠበሉን ሰጥቻታለሁ፤ ጠበል ሐኪም ቤት አትሂጂ አይልም። አንሱ ቃሬዛውን" አሉ። ማንም አልተነቃነቀም። እሳቸው ራሳቸው አንዱን ጫፍ ሲይዙ ነው ወንዶቹ ያፈሩት።

እስከ አስፋልቱ በሸክም ሄድን፤ ከዚያ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ። የወንጌላዊት ራስ ጭኔ ላይ ነበር። አንሙት ከጎኔ ተቀምጦ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል እንደያዘ ነው። እኔ እስትንፋሷን እቆጥር ነበር። ሁለት ጊዜ የቆመ መስሎኝ የኔም አብሮ ቆመ።

የማኅፀን ኢንፌክሽን ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሌላ አንድ ቀን ብትቆይ አትተርፍም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ድና ወጣች።

አመሰገኑሽ ወይ ትዪ ይሆናል። አላመሰገኑኝም። የአንሙት እናት "ሐኪም ፊት ፈርታ ለቀቀቻት" ብላ በገበያ አወራች። ወንጌላዊት ግን ሕፃኑን ክርስትና ስታስነሳ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አየችኝና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ነካች። ሰው እያየ።

ጥር 21 ቀን የማርያም ማኅበር በአያ ሙላት ቤት ነበር። አያ ሙላት የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ሰው አይገባም። ቄስ ኃይለ ሚካኤል "ዛሬ ከኔ ጋር ትመጫለሽ" አሉኝ። ከወንዶቹ ዱላ ይልቅ ይህኛው አስፈራኝ። ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋው መዞር ጀመረ። ዓለሜ፣ ያን ጽዋ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አያ ሙላት የዛሬ ሦስት ዓመት በሰው አስልከው የገዙኝ ነው። ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ያቀረበልኝ ሰው እጁን ሰበሰበ። ያን ጊዜ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ተነሡ።

"ቅዳሴ ላይ ይህች ሴት በተቀበለችበት በዚያው ማንኪያ፣ በእርፈ መስቀሉ፣ ከሷ ቀጥላችሁ የጌታን ደም ትቀበላላችሁ" አሉ። "በዚያ ያልሞታችሁ በጠላ ትሞታላችሁ? ወይስ ያኛውን አላመናችሁበትም?"

አያ ሙላት ጽዋውን፣ ከዚያም እኔን አዩ። በመጨረሻ "ስጧት" አሉ።

ተቀብዬ ጠጣሁ። የአንሙት እናትና እህቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጠው አንሙት ነበር። ጽዋውን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ፤ ግን አልጠጣም። ከንፈሬ የነካበትን ያያል። እናቱ የወጣችበትን በር ያያል። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር። በልቤ "እመቤቴ፣ ካልጠጣ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም" እላለሁ።

ዓይኑን ጨፍኖ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው፣ ጠጣ።

ወደደኝ አልልሽም። ጠጣ ግን። ከሱ ቀጥሎ ያለውም ጠጣ፤ ዙሩ ሞላ። አያ ሙላት ተራ ሲደለድሉ ከፋሲካ በኋላ ያለውን፣ ሚያዝያ 21ን፣ ለኔ ሰጡኝ። በዚያ ቀን ማኅበሩ እኛ ቤት ይመጣል። ስንቱ እንደሚመጣ አላውቅም። ያም ሆነ ይህ ቤቱን ለቅልቄ እጠብቃለሁ።

አሁን ልጽፈው የከበደኝን ልጻፈው። ደመላሽ ባለፈው ዓመት ሐዋሳ አግኝቶሽ እንደነበር ሰሞኑን ነገረኝ። ልታገቢ ነው አለኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ እያመነታ፣ እጮኛሽ "እናትም አባትም ሞተውባታል" ብሎ እንዳዘነልሽ ነገረኝ።

አልተቆጣሁም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ገንቦ ይዘን ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጣን። አብራኝ የምትማር ልጅ አየችኝና "ያቺ እናትሽ ናት?" አለችኝ። "አይደለችም፣ ጎረቤታችን ናት" አልኋት። እናቴ ሰምታለች። ማታ ስንመለስ ገንቦዋን አንሥታ "ነይ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ እንሂድ" አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ነገሩን አላነሣችውም። እኔ ይህን በንስሐ የተናገርሁት አሁን በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አንቺ እስከዚያ አትቆዪ።

ነይ ብዬ አላስቸግርሽም። መንገዱን ታውቂዋለሽ።

ማኅበሩ ሲበተን ዲያቆኑ ለጸሎት የቤተሰቤን የክርስትና ስም ጠየቀኝ። ከሙታን ወገን አባትሽን ወልደ ጊዮርጊስን አስጻፍሁ። ከሕያዋን ወገን ወለተ ማርያምን፣ አንቺን። ከሥርሽ ደግሞ የኔን ጻፈ፣ ወለተ ሥላሴ። በየወሩ ስም ሲጠራ ተከታትለን እንጠራለን።

እመቤቴ ማርያም በመግቢያሽም በመውጫሽም ትጠብቅሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ትዳርሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልሽ። ለእጮኛሽ እንደሚሆን አድርገሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

በሕይወት ያለችው እናትሽ
የብርጓል