ያልተረጎምክልኝ ዘፈን

ለባለቤቴ፣ አገሩ ሁሉ ቲቸር ለሚልህ፣ እኔም ስቀልድም ስቆጣም ቲቸር ለምልህ፤

ከተለያየን ዝናቡ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። የመጀመሪያው የመቃብርህን አፈር ደለደለው፣ በሁለተኛው ሣር በቀለበት። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስል እንደማታምነኝ አውቃለሁ፤ ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ገበያም እወርዳለሁ። ይህንንም የምጽፍልህ ሲቀላ ገበያ፣ ከምሸጠው ማንጎና ሙዝ መሃል ቁጭ ብዬ ነው። በአማርኛዬ ወንዱንና ሴቱን ሳቀላቅል ትስቅብኝ ነበርና ዛሬም ስህተቴን ካገኘህ ሳቅ፤ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ግን አይቻልም።

ቤቱ ያው ነው። ይቆረጥ እያልክ ስትዝትበት የኖርከው የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ፤ ዛቻህ አሁን ገብቶት ይሆናል። ልጃችን ቃልኪዳን ተመረቀች። ሥራ እየፈለገች ነው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ትውልና እግሯ አብጦ ትመጣለች። ጫማህን ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰጠሁት። ኮትህን ለማንም አልሰጠሁም፣ ማንም አይጠይቀኝ።

አንድ ያልነካሁት ነገር የበረንዳው አምፖል ነው። እኔ ከገበያ እስክመለስ የምታበራው። ገበያ የዋለች ሚስት ጨለማ ቤት አትገባም ትል ነበር፤ ሚኒባሱ ሰፈራችን ሴቻ ላይ ሲጥለኝ ከሩቅ አየውና ድካሜ ግማሹ ይወርድልኝ ነበር። ያን ቀን ደረቴን ስትል፣ አንስተን ሐኪም ቤት ስንወስድህ፣ እሱ በርቶ ነበር። ያለ አንተ ስመለስም እንደበራ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ አላጠፋሁትም፣ ሰውም እንዲያጠፋው አልፈቀድኩም። ቀንም ሌሊትም ይበራል። ሲቃጠል ሌላ ገዝቼ እለውጣለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር በአጥሩ በኩል አሻግራ እያየች፣ ለፀሐይ መንገድ የምታሳያት አንቺ ነሽ እንዴ ትለኛለች። ልጃችን ቃል ደግሞ አጥፊው እያለች ትለምነኛለች። እጄ ማጥፊያው ጋ ይደርስና ይመለሳል። ካጠፋሁት አንተን መጠበቅ የተውኩ ይመስለኛል።

ዋናው የምጽፍልህ ግን ስለ ካሴትህ ነው። ስንጋባ ይዘህ የመጣኸው ንብረት አንድ ሻንጣ መጽሐፍ፣ አንድ ቴፕና ያ ካሴት ነበር። ተማሪ ሳለህ አንድ ፈረንጅ አስተማሪህ አገሩ ሲገባ ትቶልህ የሄደው፣ ሮክ የሚሉት የፈረንጅ ዘፈን። እኔ ደግሞ የዶርዜ ልጅ ነኝ፣ በቸርች መዝሙር ያደግሁ፤ ዘፈን የቤታችንን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ያ ጊታር ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። ተከትለኸኝ መጣህና፣ ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ታሪክ ነው አልከኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ሕይወት ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ታሪክ መስማት ደግሞ የትም ቦታ ኃጢአት ተብሎ አልተጻፈም አልከኝ። አስተማሪ አይደለህ፣ ማሳመን ታውቅበታለህ።

እንዲህ ብለን ጀመርን። እሁድ ከቸርች መልስ እየከፈትክ፣ አንዱ ሲያልቅ ቴፑን ቀጭ አድርገህ ትተርክልኛለህ። ሰውየው ሐይቅ ዳር ይኖራል። ሥራው ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ መብራት ማብራት ነው፣ ጀልባዎች መንገድ እንዳይስቱ። ሚስቱ ነጋዴ ናት፣ ማዶ ተሻግራ ትሸጣለች። ሐይቁ እንደኛው አባያ ቀላ ያለ ነው። ማዕበል ይነሳል፣ ጉማሬ ጀልባዋን ከሥር ይገፋል፣ አዞ ይከተላታል። ፈረንጅ አገር አዞ አለ እንዴ ብዬ ብጠይቅህ፣ ሞልቷል አልከኝ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ። ሴትየዋ ግን ትዘገያለች እንጂ ሁልጊዜ ትመጣለች። መብራቱን አይታ ትመጣለች።

የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣን ሰሞን ትዝ ይልሃል? ቤቱ ውስጥ ንግግር የሚባል ጠፍቶ ነበር። እሁድ ሲሆን ካሴቱን ከፈትከው። አምስተኛው ዘፈን ላይ ሰውየው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ አንተ ግን፣ ይሄኛው ዛሬ ቃል የለውም አልክ። ሰውየው ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ሚስቱም አጠገቡ ናት፣ ሌላ ምንም የለም አልክ። እኛም ዝም ብለን ተቀመጥን። ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ትከሻህ ላይ ያሳረፍኩት ያን ቀን ነው።

የመጨረሻውን ዘፈን ግን አንድም ቀን አልተረጎምክልኝም። እዚያ ስንደርስ ታጠፋዋለህ። ይሄ ከታሪኩ አይገባም፣ ዝም ብሎ ዘፈን ነው፣ ላንቺ አይሆንም፣ ነፍስሽን ጠብቂ ትለኛለህ። በገዛ ሃይማኖቴ አሰርከኝ። ከመቼ ወዲህ ፓስተር ሆንክብኝ ብዬ ስቄ እነሳለሁ።

ባለፈው ቃል ያንኑ የካሴትህን አልበም ስልኳ ላይ አገኘችው፣ ግጥሙም አብሮ ተጽፏል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስተርክላት የኖርኩትን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ልታይ እየሳቀች ጀመረች። እያነበበች ስትሄድ ሳቋ ጠፋ። እማ፣ አባ የነገረሽ ሌላ ታሪክ ነው አለችኝ። አዞ የለም። ጉማሬ የለም። ሐይቁም ባሕር ነው። ሚስቱም ነጋዴ አይደለችም፤ አምስተኛው ዘፈን ላይ ባሕሩ ይበላታል፣ ሬሳዋም አይገኝም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰውየው ብቻውን ሆኖ ለሞተች ሴት መብራት ሲያበራ ነው። እንግሊዝኛ ስለማታውቂ አታለለሽ ብላ ተናደደችብህ።

እኔ አልተናደድኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። እንግሊዝኛ አላውቅም እንጂ ለቅሶ አውቃለሁ። የዚያ ሰውዬ ድምፅ ሚስቱ በሰላም የገባችለት ሰው ድምፅ አልነበረም። ግን አንተ እሷን በአዞው መሃል እያሻገርክ ስታመጣት ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ። ባሕር የበላትን ሴት በየእሁዱ አውጥተህ ቤቷ ስታስገባልኝ ኖርክ፣ እኔ እንዳልከፋ ብለህ። ቃል ይሄ ትርጉም አይባልም አለችኝ። ይሁን፣ የፈለገችውን ትበለው። እኔ የተወደድኩበትን ነገር ስም አላወጣለትም።

የቀረው የዘለልከው ነበር። ቃል ላንብብልሽ ስትለኝ ፈራሁ። ኃጢአቱን አይደለም፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ የኖረ ሰው ከኔ የደበቀው ምን ይሆን ብዬ ነው። ባላውቀው ይሻለኛል እያልኩ ስንት ቀን ከለከልኳት። በኋላ ማንጎ እየለየሁ ሳለ፣ በይ አንብቢልኝ፣ ብቻ እንደ አባትሽ ቅመም አትጨምሪበት አልኳት።

አጭር ነው። ሰውየው ደረጃውን ይወጣል። መስታወቱን ይወለውላል። መብራቱን ያጠፋል። በሩን ቆልፎ ይወርዳል። አለቀ። ቃል ስልኩን አስቀምጣ አለቀሰች። ተስፋ ቆርጦ ነው፣ እሷን መጠበቅ ትቶ ነው፣ አባም ይሄን እንዳትሰሚ ብሎ ነው የደበቀሽ አለች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። አንተ አዞ ከየትም የምታመጣ ሰው፣ መብራቱ ለሚጠፋበት ነገር መላ አጣህለት። በአፍህ ልታወጣው አልቻልክም። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለራስህም ፈርተህ ይመስለኛል፣ ቲቸር። ብትነግረኝ ኖሮ እጅህን እይዝህ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። ሐይቁ ላይ ያደረው ጉም እየተገፈፈ ነበር፣ ወፎቹ ማንጎህ ላይ ይንጫጫሉ። ቀና ብዬ አምፖልህን አየሁት። ሰማዩ ወገግ ብሎ፣ እሱ እዚያ ቢጫውን ይዞ ተንጠልጥሏል፤ ለማንም አያበራም። አሳዘነኝ። ያኔ ነው የሰውየው ነገር የገባኝ። ሰው መብራት የሚያጠፋው ተስፋ ሲቆርጥ ብቻ ነው እንዴ? ሲነጋም ያጠፋል እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አደረ፣ ነጋ፣ ከእንግዲህ ጀልባ ቢመጣ በፀሐይ ያያል። ስለዚህ አጥፍቶ ወደ ሰው ወረደ፤ ሲመሽ ተመልሶ ይወጣል። ቅርጫቱን ስታሸክመኝ ለቃል ነገርኳት። እማ፣ ግጥሙ ላይ ነጋ የሚል የለም አለችኝ። አዞም የለም አልኳት።

ሳቀች። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ባትስማማም ግድ የለም፣ አንተም ቶሎ አትስማማም ነበር።

አልረሳህም። ቃል ስትወልድ ካሴቱን ለልጇ የምተርከው እኔ ነኝ፣ አዞውንም ጉማሬውንም ሳላስቀር። አምስተኛው ላይ ዝም እንላለን። የመጨረሻውን ግን አልዘለውም፤ አንተ የጀመርከውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

አምፖሉን ዛሬ አጥፍቼው ወጣሁ፣ ቲቸር። ተስፋ ቆረጠች እንዳትል። ነግቶ ነው። ሲመሽ አበራዋለሁ።

ሚስትህ፣ ከሲቀላ ገበያ