ጊንጪ ላይ «ሳል ሳል በይ» ያልከኝ

ይድረስ ለባሌ ለቶላ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ የት እንደሰነበትክ አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወይራው ሥር ከተኛህ አሥራ አንድ ወር ሞላህ። በሕይወት ሳለህ ሰው ፊት «አንቱ» ነበር የምልህ፤ ዛሬ ግን ሰውም ቢሰማ ይስማ፣ አንተ ነው የምልህ። ተናድጃለሁ። እስካሁን ለቅሶው ሸፍኖት ነበር፤ ለቅሶው ትንሽ ገለል ሲልልኝ ንዴቱን እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። ያ የሚያፈሰው ጣራ ተጠገነ። ለልጃችን ለጫልቱ ከጊንጪ ሽማግሌ ተላከባት፤ ልጁ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ጫልቱም ወዳዋለች። ቆይ፣ ደስ አይበልህ። ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ ተመልሰው መጡ። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ጤፍ አወሩ፣ ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «አዴ ወርቄ፣ መቼም ይቅርታ ያድርጉልንና፣ የደረትዎ ነገር እንዴት ሆነ? ለልጅም ይተርፋል ይባላል» አለኝ።

የደረቴ ነገር! ከሁሉቃ ወንዝ ዳገቱን እንስራ ሙሉ ውሃ አዝዬ፣ ከጎረቤት ጋር ወሬዬን ሳላቋርጥ የምወጣዋ ሴትዮ! ጫልቱ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ሰዎቹ ሲሄዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። ይህን የደረት በሽታ የፈጠርክልኝ አንተ ነህ፣ ቶላ። ፈጥረህልኝ ሄድክ።

መቼም አልረሳኸውም። አምና በገና ሰሞን ምጽዋ ወደብ ዘበኛ የሆነው የልጅነት ጓደኛህ ደቻሳ ደብዳቤ ጻፈ። «እናንተ ውርጩ ሲቆረጥማችሁ እኛ በሸሚዝ ነን፣ ሚስትህን ይዘህ ና» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብከው። ከዚያ ቀና ብለህ «ወርቄ፣ ባሕር ሳናይ ልንሞት ነው እንዴ?» አልከኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ከአንተ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የእድር ዳኛ ነህ፤ ድንኳን፣ ቀብር፣ መዝገብ፣ ሰው መገሠጽ ነው ሥራህ። ከቀብር የሚቀር አባል ቤቱ በሽተኛ ከሌለበት ይቀጣል የሚለውን ሕግ ያወጣኸውም አንተው ነህ።

«እድሩስ?» ስልህ «ነግሬያለሁ፣ ፈቅደዋል» አልክ። እኔ ሞኟ እውነቱን የነገርካቸው መስሎኝ! ከጥምቀት በኋላ ስንነሣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አውቶቡሱ ድረስ መጥታ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ፣ ለሽርሽር ለሚሄድ ሰው እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብዬ ገርሞኝ ነበር።

የመንገዱን ነገር እንተወው፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ከአስመራ በባቡር ስንወርድ ግን፣ ያ ሁሉ ገደል እየተጠማዘዘ፣ መጀመሪያ ጋቢህን አወለቅክ፣ ከዚያ ኮትህን፣ ከዚያ ያን ከአንገትህ የማይለይ ሹራብ። ምጽዋ ስንደርስ ሌላ ሰው ሆነህ ወረድክ። ደቻሳ ከአምቦ ምንጭ የቀዳንለትን ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሲከፍት ጋዙ በመንገድ አልቆ ዝም ያለ ውሃ ሆኖ ነበር፤ ግን አንዱን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ «ቢሞትም የአገሬ ነው» አለ። እስክትንፈራፈር ሳቅክ።

እኛ አምቦዎች ውሃ ብርቃችን አይደለም፤ ፍል ውሃችን ውስጥ ነው ያደግነው። ያ ባሕር ግን ወዲያ ማዶ የለውም። ከዳር ቆሜ ቀሚሴን ጨብጬ እግሬን ነከር ሳደርግ ማዕበሉ መጥቶ እስከ ጉልበቴ አለበሰኝ፤ ጮህኩ። አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ፣ ጫማህን በእጅህ አንጠልጥለህ፣ ያ የእድር ዳኛ እግርህ ነጭ ጭራሮ መስሎ፣ «ነይ ግቢ እንጂ፣ አይበላሽም!» ትለኛለህ። «አንተ ቶላ፣ ልታሰምጠኝ ነው!» ብዬ ሰው ሁሉ ፊት አንተ ያልኩህ ያን ቀን ነው። አልተቆጣህም። ወደቡ ዳር ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰውዬ ያኔ ነው ያነሣን። አምስት ቀን፣ ቶላ። ዓሣ በሎሚ በላን፣ ጥር ወር ላይ ያለ ነጠላ ደጅ ተቀመጥን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ይዘህ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ተጓዝን። አምቦ ላይ እኮ ሁልጊዜ አሥር እርምጃ ቀድመኸኝ ነበር የምትሄደው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጊንጪ ላይ ቆመ። እኔ ቆሎ ገዝቼ ለእትዬ ብርቄ ስለ ባሕሩ ከየት ጀምሬ እንደማወራት እያሰብኩ ነው። ጠጋ አልክና በጆሮዬ «ጋቢውን ተከናነቢ። ስንደርስ ትንሽ ሳል ሳል በይ» አልከኝ። ለእድሩ «ሚስቴ ደረቷን ታማለች፣ የባሕር አየር ይሻላታል ተብሏል» ብለህ እንደነበር ያኔ ነገርከኝ። ያኔ! ቤታችን ልንደርስ ስንል! «የእድር ዳኛ ከሚስቱ ጋር ሊዝናና ሄደ ይበሉኝ? ነገ ማንን እገሥጻለሁ?» አልክ።

እኔም ተከናነብኩ። ሳልኩም። በአንተ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፤ በራሴም ነው። ሁለት ሳምንት ደኅና አካሌን አልጋ ላይ ዘርግቼ የሰፈሩን ሴት ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ተቀበልኩ። ፊቴ በባሕር ፀሐይ መጥቆሩን አይተው «ውይ፣ ትኩሳቱ እንዴት አከሰላት!» አሉ። ፌጦ አጠጡኝ። አንተ በር ላይ ቆመህ አንገትህን ደፍተህ «እግዜር ያውቃል» ትላለህ። ማታ ብቻችንን ስንሆን ልትስቅ ስትል ትራሱን ወረወርኩብህ፤ እውነቴን ነበር።

ደረት የተባለው በየካቲት በሰው አፍ ሳምባ ሆነ። ማኅበር ላይ የእኔ ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። ስነግርህ «ይረሱታል» አልክ። ከዚያ ሐምሌ ላይ ሆድህን ቁርጠት ያዘህና በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ለቅሶ ላይ አልቃሿ ምን ብላ እንዳለቀሰች ታውቃለህ? «እሷን ሲያስታምም፣ በእሷ ፈንታ ወሰደው» ብላ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንግዲህ በሬሳህ ላይ «ውሸት ነው» ልበል?

እንዲሁ ሳላውቅ እኖር ነበር፤ ግን ማክሰኞ ዕለት አዲሱ ዳኛ አሮጌውን መዝገብ ፈልጎ ላከብኝ። ከሳጥንህ ሳወጣው ከሽፋኑ ውስጥ ፎቶግራፉ ወደቀ። ተበላሽቷል ብለኸኝ ነበር! ማዕበሉ ጉልበቴ ላይ፣ አፌ በሳቅ እስከ መንጋጋዬ ተከፍቶ፣ አንተም ጫማህን አንጠልጥለህ እኔን እያየህ ስትስቅ። ጠርዙ በጣት ብዛት ተልጧል። ስንቴ ነው ብቻህን ያየኸው? እድርተኛው ፊት መዝገብ የምታገላብጥ መስለህ እኔን ነበር የምታየው? ይኸው እዚህ ላይ ነው የባሰ የተናደድኩት። ሌባ ብትሆን፣ ሴት ብታበዛ፣ ሰው ፊት ብትደብቀው ይገባኛል። የደበቅከው ግን የገዛ ሚስትህን መውደድህን ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን አምስት ቀን ደስ ብሎን፣ አምስቱንም በሽታ አደረግካቸው።

ሽማግሌዎቹን ለሙት ዓመትህ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ያን የተኮሳተርክበትን የእድር ፎቶግራፍህን አልሰቅልም። ድንኳኑ ውስጥ፣ እድርተኛው ሁሉ በሚያይበት ምሰሶ ላይ፣ የምጽዋውን እሰቅላለሁ። ጫልቱ መስታወት አስገብታዋለች፤ ስታየው «አባዬ ይስቅ ነበር እንዴ?» ብላኝ አለቀሰች። ለጊንጪዎቹም ከሥሩ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፦ ማንም አልታመመም፤ ደስ ሊለን ነው የሄድነው። ሳምባ ያላት ሴት እንዲህ ትስቅ እንደሆን አይተው ይፍረዱ።

ሌላው ሰው በመዝገብህ ያስታውስህ። እኔ እስክሞት የማስታውስህ ሱሪህን ጠቅልለህ፣ በነዚያ ቀጫጭን እግሮችህ ባሕር ውስጥ ቆመህ «ነይ ግቢ» ስትለኝ ነው። እድሩ ከፈለገ በገዛ ሕግህ ይቅጣህ። ጥፋቱንም እኔው ላጽፈው፦ በጥር ወር፣ ቤቱ በሽተኛ ሳይኖር፣ ከሚስቱ ጋር ስቋል።

ሚስትህ ወርቄ፣
ደረቴ ደኅና ነው።